የጓን ግራ ጆሮ

ውድ ወንድምዬ ጓን፤

እዚያ ሰሜን ድንበር ግንቡ ላይ ዘብ ቆመህ ከሆነ ውረድና ቁጭ በል፤ ከባድ መርዶ ነው። ባለፈው ወር እዚህ ሊ ተራራ ሥር፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መቃብር የሸክላ ወታደር በምንሠራበት ዳስ ውስጥ፣ የግራ ጆሮህ እንዲቆረጥ ተፈረደበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግር ሠሪዎቹ እግሩን ድፍን አድርገው ያቆማሉ። ሌሎቹ ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ ሆዱን ባዶ ትተው አንገት ያደርሱታል። ጭንቅላቱ ለብቻው፣ ፊቱና ማጅራቱ በየቅርጹ ተጠፍጥፎ ይጋጠምና ወደ እኔ ይመጣል። አፍንጫ፣ ጢም፣ ጆሮ የኔ ነው። ሁለት ዓመት የሰው ፊት ስሠራ ያንተ ፊት ጠፋብኝ። አገጭህን ረሳሁት! ጆሮህን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳው? እናም ለአንዱ ቀስተኛ ጫፉ የተገመጠ ጆሮ ለጠፍኩለት።

አለቃ ሹ አየው። «ይሄ ምንድነው? አይጥ በላው?»

«ወንድሜ ነው፣ አለቃ።»

«ወንድምህ አይጥ ነው? ቁረጥና ሌላ ለጥፍ! ጭቃው ላይ የታተመው ማኅተም የኔ ነው፤ ጉድለት ከተገኘ የሚገረፈው የኔ ጀርባ ነው።»

«የእርስዎ ጀርባማ ሰፊ ነው፣ ይችለዋል።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሹ ግን ቢላውን አነሳ። ያኔ ቀልዴ አለቀ፣ ጓን። ማኅተሙን በአውራ ጣቴ ደመሰስኩና ስሜን አጣምሜ ጫርኩበት።

«ይኸው፤ ጉድለቱም ጀርባውም የኔ። ጆሮውን የነካ ግን እነክሰዋለሁ!»

እንደምነክስ አንተ ታውቃለህ። ያኔ በልጅነታችን ጆሮህን ስገምጠው ለእማ «አሳማው ነው» ብለህ ዋሸህልኝ። አሳማው ታረደ፤ እኔም አስጨምሬ በላሁ። ይቅርታ ብዬህ አላውቅም። ይኸው አልኩ።

ጭንቅላቱ ጥላ ሥር ደረቀ፣ እቶን ገባ፣ ሳይሰነጠቅ ወጣ። ዛሬ መርማሪው መጣ፤ ሁለት ጣት የጎደለው የድሮ ወታደር። ስሜን አነበበ። ጆሮውን በቀሩት ጣቶቹ ዳሰሰ። እኔ ጀርባዬን አዘጋጀሁ።

«ባለጆሮው ሰሜን ነው ያለው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ቀለም ቀቡት» ብሎ አለፈ።

አገጩን በግምት ነው የሠራሁት። አፈር ሳያለብሱት መጥተህ አሳየኝ፤ አሻፈረኝ ብትል ቀኙንም እገምጥልሃለሁ።

መርዶ ያልኩህ እንግዲህ ይህችው ናት፤ ጥፍር የምታህል ጭቃ።

ነካሹ ወንድምህ፣
ኒዩ