ለቅሶ የተቀመጥሽ እንደሆነ ተነሺ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዝናቡስ ገባላችሁ? እዚያ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽ ናፍቆኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ይህን ወረቀት የሸማ ተራ ጎረቤቴ ራህማ በእጅሽ ትሰጥሻለች። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽውን ፊደል አስታውሰሽ ራስሽ አንብቢው። ለማንም አታስነብቢ፤ አፍራለሁ።

ሾፌሩ እንድሪስ ቀድሟት ደርሶ ይሆናል። «ልጅሽ ሳዳም ሞቷል፣ እህቱ አረጋግጣለች፣ ለቅሶ ተቀመጪ» ብሎሽ ከሆነ፣ መርዶውን የላክኩት እኔ ነኝ። እንዳታምኚው እማዬ። ተነሺ። ሰደቃም አታውጪ።

እንዴት እንዳረጋገጥኩ ልንገርሽ። ከሱቄ በላይ ፎቅ ላይ ጋሼ ኃይለልዑል የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ አሉ። የሙታንን መንፈስ በጠረጴዛ ያነጋግራሉ። ጥንቆላ እንዳይመስልሽ አሉኝ፤ የዛሬ መቶ ሰባ ዓመት ግድም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ሐኪሙም ፕሮፌሰሩም መብራት አጥፍቶ፣ ጠረጴዛ ከቦ ሙታንን ይጠይቅ ነበር፣ ሳይንስ ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ። አንቺ ለሳዳም ጎረቤት ሰብስበሽ ወዳጃ ስታስደርጊ «ኋላ ቀር» ያልኩሽ፣ ያ የተማረ አፌ! ባሕር ተሻግሮ ሦስት ዓመት የጠፋን ሰው በጫትና በዱዓ ልትመልሺው ነው ወይ ብዬ ስስቅብሽ ዝም ነበር ያልሽኝ።

እሁድ ወደ ፎቁ ወጣሁ። መንፈስ ስልክ አይወድም ተብሎ ስልካችንን አጥፍተን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ጨመርን። መብራቱ ጠፋ፤ እጃችንን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ጋሼ «ሳዳም፣ እዚህ ካለህ አንኳኳ» አሉ። ተንኳኳ። ባሕሩ ነው ወይ የወሰደህ አሉት። ደግሞ ተንኳኳ። አለቀስኩ። ከዚያ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቅልል አለኝ። መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር እማዬ። ጠረጴዛው የሚጠራው ሙታንን ብቻ መሆኑን እያወቅኩ የወንድሜን ስም ሰጠኋቸው። ሳይንኳኳ በፊት የቀበርኩት እኔው ነኝ።

እንደወጣሁ እንድሪስን ሰባተኛ ሰፈር ጭነት ሲያስር አገኘሁትና መርዶውን አሸከምኩት። ጠዋት ሄዷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ስልኬን የከፈትኩት በማግስቱ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አንድ የውጭ አገር ቁጥር ደጋግሞ ሞክሮኝ ኖሯል። ሰዓቱን አየሁት፤ እኛ ጨለማ ውስጥ የተቀመጥንበት ነው። መልሼ ብደውል አይነሳም። ውጭ አገር ሆኖ ቁጥሬን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም።

በንዴት ስለዚያ ጠረጴዛ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩን የጀመሩት ሁለት እህትማማቾች ናቸው አሉ፤ አንደኛዋ ካረጀች በኋላ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ ሲንኳኳ የኖረው የእግር ጣታችን ነው ብላ ተናዝዛለች። ሮጬ ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም አልደነገጡም፤ «አውቃለሁ ልጄ፣ በኋላ ግን ቃሏን አጥፋለች» አሉኝ። እሁድ ዕለት ጠረጴዛው ጋ ሲቀመጡ ጫማቸውን ለምን እንዳወለቁ ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። በእርሳቸው ምን እፈርዳለሁ፤ ጎትተው አልወሰዱኝም።

አሁን ሱቅም ሆኜ፣ መስጊድ ደጅም ሆኜ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። ደግሞ ይደውላል እማዬ። አውቀዋለሁ፤ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው አንቺን ነው። እናቴ ምን እየሠራች ነው ቢለኝ፣ ያንተን ለቅሶ ተቀምጣለች ልበለው? ሞተ ብሎ ማን ነገራት ቢለኝስ?

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ዓይን ለዓይንም ያገናኛችሁ። እኔን ለመርገም ከከበደሽ ዝም በይኝ፣ እችለዋለሁ። ብቻ ተነሺ።

የሳዳም እህት፣
ልጅሽ