ስምንት ሰዓት ላይ ስለዘነበው ዝናብ ለዶክተር ክንፈ

ለተከበሩ ዶክተር ክንፈ
የጎርፍ ጥናት ክፍል ኃላፊ
ሱለይማኒያ፣ ሪያድ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? እኔ በእርስዎ ሥር የዝናብ መረጃ በኮምፒውተር የማሰላዋ ጥሩወርቅ ነኝ። ይህንኑ ጉዳይ ይዤ ስመጣ ሦስት ጊዜ ከቢሮዎ ስላስወጡኝ፣ በሪያድ ያለን የአገር ልጆች ሁሉ በምናነበው የቴሌግራም ገጽ ላይ በታላቅ ትሕትና ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ድርጅታችን ከከተማው ዳር በደረቅ ሸለቆ ላይ ለሚያልፍ መንገድ የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ ስፋት ይወስናል። ቱቦው ከጠበበ ውሃው ተገድቦ የሚተኛው የግንባታ ሠራተኞች በሚኖሩባቸው ክፍሎች ላይ ነው። በአንዱ ክፍል የቦታው ጥበቃ ሲራጅ ከአሥር ወንድሞቻችን ጋር ይኖራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝናቡን እየለካ በደብተር የመዘገበልንም እሱ ነው።

አንደኛ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ሲራጅ በአንድ ቀን ዘጠና አራት ሚሊ ሜትር ዝናብ መዘገበ። አውቶማቲኩን መለኪያ ጎርፉ ስለወሰደው የቀረን የእሱ ደብተር ብቻ ነው። እርስዎም ደብተሩ «ስምንት ሰዓት» እንደሚል፣ በሳተላይቱ ምስል ላይ ግን በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር ተመልክተው፣ ቁጥሩን ውሸት ነው ብለው ሰረዙት። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሲራጅ የጻፈው በእኛ ሰዓት እንደሆነ፣ ከቀትር በኋላ ያለው ምስልም ጥቁር ደመና እንደሚያሳይ ብነግርዎ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ እንዲህ የሚባል ሰዓት አላውቅም» አሉኝ። ባለፈው ወር ራውዳ ወዳለው ቤትዎ «ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ኑ» ብለው ሲጠሩን ግን ማናችንም በማለዳ በርዎን አላንኳኳንም፤ እርስዎም ከቀትር በኋላ ምግቡን አቅርበው ጠበቁን።

ሁለተኛ፦ የምናሰላበት ሞዴል የተፈጠረው ለከባድ ዝናብ ነው። ከየዓመቱ ትልቁን እንመርጣለን፤ ሶፍትዌሩም ከዚያ ተነሥቶ በመቶ ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ያሰላል። እርስዎ ግን ከትልልቆቹ ትልቁን «መስመሩን ያበላሻል» ብለው አወጡት። ረጃጅም ሰዎችን ልለካ ብሎ ረጅሙን ከበር እንደ መመለስ ነው። እውነትም መስመሩ አማረ፤ ዘጠና ሰባት ሚሊ ሜትር የነበረው ውጤት ሃምሳ ስድስት ሆነ፤ ቱቦውም ጠበበ።

ሦስተኛ፦ ሶፍትዌሩ መረጃው ከሲራጅ በፊት የተመዘገበውን ጨምሮ የሃያ ስድስት ዓመት ብቻ ስለሆነ እውነተኛው ዝናብ ከግምቱ እጅግ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ እንደሚችል በታማኝነት ጽፎ ነበር። ያንን ረድፍ መንገዱን የሚያሠራው ደንበኛ እንዳይደነግጥ ብለው ከሪፖርቱ ቆረጡት። ደንበኛው በሰላም እንዲተኛ ማሰብዎ ያስመሰግንዎታል።

አራተኛ፦ ለዚሁ ደንበኛ የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ከሁለት ዓመት በፊት ስለመጣ ገና ዘጠና ስምንት ዓመት እንደሚቀረን አስረድተዋል። እንዲህ ያለ ዝናብ በየትኛውም ዓመት ሊመጣ እንደሚችል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። ይልቅ የገረመኝ፣ አልዘነበም ብለው የሰረዙት ዝናብ የዘጠና ስምንት ዓመት ዕረፍት መስጠቱ ነው።

ዶክተር፣ ተናድጃለሁ። ሲራጅ ያን ቀን ውሃው ደረቱ ደርሶ ደብተሩን በራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የወጣው። መዝገቡ እንደተሰረዘ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ፣ «እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው? ወላሂ ሰዓቴን አይቼ ነው የጻፍኩት» አለኝ። እሱን ውሸታም ያሉበት አፍዎ እንዴት እንዳላፈረ እስካሁን ይገርመኛል።

ቱቦው የሚቀበረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ስሌቱም እንደገና ይሠራ።

ጎርፍ በማይደርስበት አራተኛ ፎቅ ላይ ዕድሜና ጤና እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእጅዎ መሆኑን አውቄ በሙሉ ስሜ የምፈርመው፣

አክባሪዎ
ጥሩወርቅ ደርበው

ማሳሰቢያ፦ ሲራጅ የክፍሉን ቁልፍ በእኔ በኩል ልኮልዎታል። በእርስዎ ስሌት ቦታው ለዘጠና ስምንት ዓመት ደረቅ ስለሆነ፣ የዘንድሮን የዝናብ ወራት ከነቤተሰብዎ ቢያሳልፉበት ደስ ይለዋል። አርብ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ የትኛው ስምንት ሰዓት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።