በሬው ሲያስል ሰምቻለሁ

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ፈቃድ የለም። በመስቀል ሰሞን የከብት ገበያው ላይ አንድ ባለሙያ እንዲጎድልበት እንደማይፈልግ ኃላፊዬ ነገረኝ። አምናም ይህንኑ ነበር ያለው። ለእናቴ ደወልኩ፤ «ይሁን» አለችና የጎረቤት ላም መውለዷን አወራችኝ። ቅር ሲላት ስለ ከብት ነው የምታወራኝ። እሷ ያለችበት ዱራሜ ሩቅ አይደለም፤ ከሥራ ሰርቆ ደርሶ ለመመለስ ግን ሩቅ ነው።

አመሻሹ ላይ ደስ የሚል ነገር ሆነ። አከራዬ አቶ ሎዳሞ በረንዳቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ። «ዘንድሮ ብቻሽን አትውዪም፤ ከእኛ ጋር ነሽ» አሉኝ። እዚህ ግቢ ከተከራየሁ ጀምሮ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። የሰፈሩ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው የመስቀል በሬ የሚገዙበት ማኅበር አላቸው፤ ቱታ ይሉታል። የዚህኛው አለቃ እሳቸው ናቸው። ለሰዎቹ «የእኛ ቱታ ዶክተር አለው» ብለው አስተዋወቁኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። አላረምኳቸውም።

በሬው ሌሞ ካለችው እህታቸው ቤት የተገዛ ነው። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለው። አንገቱን ዳበስኩና «ጥሩ በሬ ነው» አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። ያን ጊዜ አሳለ። ከሌሞ ድረስ ተነድቶ ስለመጣ ደክሞት ይሆናል።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ቀኑን ገበያ ዋልኩ፤ እግሬ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ማታ አታካና በላሁ። ቡላው በወተትና በቅቤ እስኪዋኝ ድረስ ነው የተሠራው። እትዬ ጥሩነሽ፣ የአቶ ሎዳሞ ባለቤት፣ ከልጆቻቸው መካከል ቦታ ለቀውልኝ ከአንድ ገበታ በላን። በሐዲይኛ ሲያወሩ ግማሹን እሰማለሁ፤ ከምባትኛዬ ያግዘኛል። አንዴ በማይሳቅበት ሳቅሁና እኔው መሳቂያ ሆንኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንድ ዓመት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ሻይና ዳቦ የበላሁ ሰው ነኝ።

በሬው ውጭ እንደገና አሳለ። አንዱ «ዶክተሯ ሽሮፕ ትስጠው» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ለራሴ የነገርኩት፦ መንገድ አድክሞት ነው። ብርድ ነው። በሳል ብቻ ምንም ማለት አይቻልም። ግቢ የሚታረድ ከብት የመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ አይደለም። ነገ በዓል ነው።

አንዳቸውም ውሸት አይደሉም። ግን ገበያ ላይ እንዲህ ሲያስል ብሰማው ገመዱን ይዤ «ይሄ ይቆይ» እል ነበር። ዛሬ ማታ እንዲህ ብል ማን ቦታ ይለቅልኝ ነበር?

ቅዳሜ፣ መስቀል

ቀበሩት። እኔ ነኝ ያስቀበርኩት።

ጠዋት ታርዶ ቆዳው ተገፎ ሳለ አቶ ሎዳሞ «ነይ እይልን፣ ከዚያ እንቁረጥ» ብለው ጠሩኝ። ለክብር ነበር የጠሩኝ። ቢላ ተስሏል፣ ሚጥሚጣው ቀርቧል፣ ልጆቹ ቁርጣቸውን ሊቀበሉ እጃቸውን ታጥበው ቆመዋል።

ሳንባው ላይ ነጫጭ ጠጣር እብጠቶች። አንዱን ስሰነጥቀው ቢላው ስር አሸዋ ያለበት ይመስል ተንኳኳ። የጎድን አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ዘለላ መስሎ ተደርድሯል። አንገቱ ስር ያለው ዕጢ አብጧል። ጉበቱም ላይ አለ። የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሰውነቱን ሁሉ አዳርሶታል። እንዲህ ሲሆን ይሄን ጣሉ፣ ያንን ብሉ አይባልም። ሁሉም ይቀበራል።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው።

አንዱ የተበላሸውን ቆርጠን እንጣል አለ። ሌላው አባቶቻችን ይህን እየበሉ ነው ያረጁት አለ። ሌላው እንቀቅለው አለ። ራቅ ብዬ ለኃላፊዬ ደወልኩ። እሱም በዓል ላይ ነው፤ ከጀርባው ሰው ይስቃል። ግቢ የታረደ አይመለከተንም፣ ምክርሽን ሰጥተሽ ውጪ አለኝ። ምክር ሰጥቶ መውጣት ይቻል ነበር። ክፍሌ እዚያው ነው፤ በሩን ዘግቼ መቀመጥ ብቻ ነበር። ልጆቹን አየኋቸውና ተመለስኩ።

«ይህን ሥጋ አንድ ልጅ ሲቀምስ ቆሜ አላይም። ካልተቀበረ ለጤና ጣቢያም ለፖሊስም እናገራለሁ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስለኝ አለ።

አቶ ሎዳሞ ሳንባውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አካፋ እንዲመጣ አዘዙ። ከእንሰቱ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ውሻ እንዳያወጣው ኖራ አስደረግሁበት። እትዬ ጥሩነሽ በአጠገቤ ሲያልፉ በአማርኛ፣ በደንብ እንድሰማ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ሐሙስ ስትዳብሺው ዓይንሽ የት ነበር? ያኔ ብትናገሪ ለባለቤቱ እንመልሰው ነበር።»

 

እሑድ፣ መስከረም 18

ከየግቢው የጥብስ ሽታ ይመጣል። ከእኛ ግቢ አይመጣም። ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ የእናቴን መቁጠሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። መጸለይ አልቻልኩም፤ ዶቃውን ዝም ብዬ አገላብጠው ጀመር።

ሌላ ጊዜ እስክሪብቶ ሊዋሱ የክፍሌን በር የሚያንኳኩት ልጆች ዛሬ በመስኮቴ ስር ዝም ብለው አለፉ። ቧንቧው ጋ እትዬ ጥሩነሽን «እንደምን አደሩ» አልኳቸው። ባልዲያቸውን ሳይሞላ አንስተው ሄዱ።

እናቴ ደውላ ሥጋ በላሽ ወይ አለችኝ። እስክጠግብ አልኳት።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ወሬው ቢሮ ደርሷል። አንዱ ባልደረባዬ «የመስቀል ጠላት» ብሎ ሰላም አለኝ። ቀልድ ነው፤ ሳቅሁለት። ምሳ አብሮኝ የወጣ የለም።

ክፍል መፈለግ አለብኝ። በዚህ ሰፈር ግን የሚያከራየኝ ይኖራል?

ከሥራ ስመለስ አቶ ሎዳሞ የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። ሊያስወጡኝ ነው አልኩ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ዓይኔን ሳያዩ ነበር የተናገሩት።

«ያ ያሳየሽን እብጠት። የእህቴ ልጅ አንገቷ ላይ አለ። የጥርስ ነው እየተባለ ከረመ። በወተት ይተላለፋል?»

«ካልፈላ ይተላለፋል» አልኩ።

«እኛ መቼ አፍልተን እናውቃለን» አሉ።

በሬው ከዚያ ቤት ላሞች ጋር ነው ያደገው። ቅዳሜ ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስለ ራሴ ሳዝን አላሰብኩትም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ሥራ አስፈቅጄ ከአቶ ሎዳሞ ጋር በጋሪ ሌሞ ሄድን። ጋሪው ጉድጓድ ሲገባ፣ እንዳልወድቅ ክንዴን ያዙኝ።

ልጅቷ ቃልኪዳን ትባላለች። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። አንገቷ ላይ ያለው እብጠት ከሩቅ ይታያል። አልነካሁትም፤ የሰው ሐኪም አይደለሁም። እናቷ ወይዘሮ አመለወርቅ ወንድማቸውን ሲያዩ ማልቀስ ጀመሩ፤ የበሬውን ገንዘብ መልሺ ሊሏቸው የመጡ መስሏቸው። ወንድምየው አቀፏቸውና ቀስ ብለው በሐዲይኛ አስረዷቸው። ሁሉንም ሰማሁት።

እንግዳ ነኝና ወተት ቀረበልኝ። ጥሬ። ብርጭቆውን ይዤ «ይቅርታ፣ አልጠጣም፤ እናንተም ከዛሬ ጀምሮ አፍሉት» አልኩ። የሰው ቤት ገብቶ የቀረበን መመለስ እንዴት ያስጠላል።

ከሰዓት ሆስፒታል ወሰዷት። ከእብጠቱ በመርፌ ተወስዷል። ውጤቱ ሐሙስ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

የበሬውንም የላሞቹንም ነገር ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ «ሰኞ መኪና ያዢና ላሞቹን መርምሪ» አለኝ። ይህችን ድል ብዬ ልመዝግባት።

ሌላም የምጽፈው አለ። ዛሬ ቧንቧው ጋ ሴቶቹ ሳያናግሩኝ ሲበተኑ ምን እንደተመኘሁ አውቃለሁ። በሽታው ቃልኪዳን ላይ ይገኝ ብዬ ተመኘሁ። ለቅጽበት ነው፣ ግን ተመኝቻለሁ። ያኔ ሁሉም ልክ ነበርሽ ብለው የክፍሌን በር ያንኳኳሉ፤ እትዬ ጥሩነሽ ቦታ ይለቁልኛል። አንዲት ሕፃን ታማ እኔ እራት ልጋበዝ! ባልዲዬን ጥዬ ገባሁ።

ዓርብ ማታ ዝም ያሰኘኝም ይኸው ነው። ሰው ይፈልገኝ ብዬ።

እንግዲህ ጥርስ ይሁን። ጌታ ሆይ፣ የጥርስ ይሁንላት። ሰፈሩ ሁሉ «ሰው ያልታመመበትን በሬ አስቀበረችን» ይበለኝ፣ የሚመጣውንም መስቀል ብቻዬን ልዋል። ጥርስ ብቻ ይሁን።

አሁን ከትልቁ ቤት የሚያር ወተት ሸተተኝ። ብቅ ብዬ አየሁ። እትዬ ጥሩነሽ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው የገነፈለ ወተት ከድስቱ ጎን ይጠርጋሉ። አፍልተው ስለማያውቁ መቼ እንደሚያወርዱት ግራ ገብቷቸዋል። ቀና ብለው አዩኝ። ወደ ወተታቸው ተመለሱ።