በደምበጫው ሰርግ ያልተነሣው መምህር

ደምበጫ፣ ጥር ፲፱፻፶፰

ደርቤ ወንድምዓለም፣

ሰርጉ ላይ ያቺ የነገርኩህ የኔዓለም በእኔና ከእንግሊዝ አገር በተመለሰው መምህር ባምላኩ መካከል ተቀምጣለች። እሱ ፈረንጅ ባለጌን የሚሰድብባቸውን ቃላት ያስተምራታል፤ «ቡር፣ ቸርል፣ ቪለን፤ ሁሉም ድሮ ባላገር ማለት ነበሩ» ሲላት ትስቃለች። እኔ እርር እላለሁ።

የሙሽራው አያት ሲገቡ ዳሱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ፤ ባምላኩ ንቅንቅ አላለም። እኛ ማርቆስ ቢሆን ጎትተው ያስነሡት ነበር። አያትየው ግን «በእግዜር! ልጁን አሞት ይሆናል፣ ተዉት» ብለው እኔ የተነሣሁበት ቦታ ተቀመጡ። የኔዓለም ደግሞ ከልቧ አዝናለት በእጇ አጎረሰችው! እኔ ቆሜ አየሁ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ፤ የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ባላገር ያልሆነ ባለጌ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባልም ጠይቅልኝ።

ያለው