ባዶ ናቸው ብዬ የጻፍኳቸው ቤቶች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለሮስኮ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሂውስተን ሙቀት አላደከመህም? ባለቤትህን ኮሬታን ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ትንሿ ልጃችሁ ዴሊያስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኔና አባባ በአካል ደህና ነን። በሌላው ግን ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ሰሞኑን በቅቶኛል።

የመንገዳችን መብራት መጥፋቱን አባባ በስልክ ነግሮሃል። ማዘጋጃ ቤቱ በጀት የለኝም ብሎ፣ ከግማሽ በላይ ቤቶቹ ባዶ የሆኑበትን መንገድ ሁሉ መብራት አጠፋ፤ ምሰሶዎቹን ሳይቀር ነቅሎ ወሰዳቸው። አባባ ያልነገረህ፣ እሱም እስከ ትናንት የማያውቀው ነገር ነበር። ቤቶቹን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

የመስታወት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናደርገውን አትረሳውም። ሰው ጥሎት የሄደውን ቤት ሣር እናጭዳለን፣ መጋረጃ እንሰቅላለን፤ አባባም አሮጌ መኪናውን ዛሬ አንዱ ደጅ ነገ ሌላው ደጅ ያቆማል። የመዳብ ቧንቧ የሚነቅሉ ሌቦች ሰው አለ ብለው እንዲያልፉ ነው። ሌላ ቤት ቆጣሪ ሠራተኛ ቢመጣ ኖሮ እሱም መጋረጃውን አይቶ ያልፍ ነበር። እኔ ግን መጋረጃውን የሰቀልኩት ራሴ ነኝ። የማዘጋጃ ቤቱ አለቃዬ ሚስተር ፔልሃም "አንቺ የሰፈሩ ልጅ ነሽ፣ አይሸውዱሽም፤ የቀጠርንሽም ለዚሁ ነው" አለኝ። ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ ብጠይቀው "ለጥናት" አለኝ። እኔ የተማርኩት፣ እውነቱን መጻፍ ብቻውን ኩራት መስሎኝ፣ ከሃያ ሁለቱ ቤቶች አሥራ ሁለቱ ባዶ ናቸው ብዬ ጻፍኩ።

ሰዉ ሲጮህ ፔልሃም ስሜን ሳይጠራ ስህተቱ የቆጣሪው ነው ብሎ ከሥራ አባረረኝ። አልተሳሳትኩም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ በጽሑፍም አስገብቻለሁ፣ የትም ቦታ እደግመዋለሁ። ነገር ግን ጎረቤታችን እትዬ ሉቪኒያ ንጋት ላይ አውቶቡስ ሊጠብቁ ሲወጡ በጨለማው ተሰናክለው እጃቸው ተሰበረ። ልጠይቃቸው ብሄድ "እጄ ነው እንጂ ምላሴ አልተሰበረ፤ ያን ቆጣሪ ላግኘው ብቻ፣ ይበቃዋል" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። 

አባባ ደግሞ ሐሙስ በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ የሚያሰማውን ንግግር ሲጽፍ ሰነበተ። "ቆጣሪው መንገዳችንን ረግጦት አያውቅም፤ ቢሮው ቁጭ ብሎ ነው የፈጠረው" ይላል። እራት ላይ ሰጠኝና "የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ እስቲ አስተካክዪልኝ" አለኝ። ወንድሜ፣ ነጠላ ሰረዝ ጨምሬ መለስኩለት።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገርኩት።  መሪውን እንደያዘ "ስንት ብለሽ ጻፍሽ?" አለኝ። አሥራ ሁለት አልኩት። "አሥራ አራት ናቸው። እኔ ለብቻዬ ያሰናዳኋቸውን ሁለቱን አንቺም አልለየሻቸውም" አለኝ። ለአፍታ ደስ ያለው መሰለኝ። ወዲያው ግን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ንግግሩን ቀዶታል። ሐሙስ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ማን እንደላከኝ፣ ምን ብሎ እንደላከኝ፣ እኔም ምን እንደጻፍኩ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ከሰዓት እትዬ ሉቪኒያ ዘንድ ብቻሽን ሂጂ ብሎኛል። አንተም እባክህ ደውለህ "ጥፋቱ የእሷ አይደለም" አትበልልኝ። የእኔን ድርሻ ማንም እንዲያነሳልኝ አልፈልግም፤ የፔልሃምንም አልሸከምለትም።

ኮሬታን ናፍቃሻለች በልልኝ። ዴሊያን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ለአማትህም አክብሮቴን አድርስልኝ። አባባ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል። እትዬ ሉቪኒያም እንደ ወትሮው ሰላም ብለውሃል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱን ግን ከቤታቸው ስመለስ ነው የማውቀው።

እህትህ ኔቫ
ዌልተን ጎዳና፣ ኦሃዮ
ሰኞ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2013