ሳሎን የተነጠፈ ፍራሽ

ሰኔ 6፣ ማክሰኞ (1970)

ዛሬም ሥራ ገባሁ። አንዷን ደብዳቤ ሁለቴ ጻፍኳት፣ ሁለቴም ተሳሳትኩ። እጄ ታይፑ ላይ ይንቀጠቀጣል። አለቃዬ «ዘውዲ፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም... እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ለነገሩ ልዩነቱ ምንድን ነው?

የቦሌ ልጅ ነኝ። አውሮፕላን ጣሪያችንን ታክኮ ሲያልፍ እንኳን አልነቃም ነበር። አሁን ድመት አጥር ስትዘል ተነስቼ እቆማለሁ።

ማታ አደይ ከመኝታዋ ሆና «በሩን ቀረቀርሽው?» አለች። እናቴ ይሄን ሳትጠይቅ አትተኛም። «አዎ፣ አደይ» አልኳት። አልቀረቀርኩትም። ዓንዶም ቢመጣስ? ወንድሜ ሲያመሽ በር አያንኳኳም። አደይ እንዳትሰማው መስኮቱን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል፣ እኔ እከፍትለታለሁ። በጥር በባዶ እግሩ ነው የወሰዱት። ስንቅ እስከ የካቲት ይቀበሉን ነበር። ከዚያ «ተዛውሯል» አሉ። ወዴት? «ይነገራችኋል።»

በሰዓት እላፊ ቢለቁትስ? ውጭ ቆሞ ማን ይሰማዋል?

ሰኔ 11፣ እሁድ

እንቅልፍ የሚመጣልኝ ቀበሌ ውይይት ላይ ብቻ ሆነ። ሰፊው ሕዝብ ይንቃ ሲባል እኔ ማንኮራፋት ጀመርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ በክርኗ ጎሸም ባታደርገኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ስንመለስ እጄን ይዛ «ከዓንዶም... ምንም አልሰማችሁም?» አለችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቃለች።

«ምንም።»

መሬት መሬት አየች። ማታ ደግሞ ምስር ወጥ ላከችልን። አሁንስ አበዛችው። አንዳንዴ ደግነቷ ያናድደኛል።

ሰኔ 12፣ ሰኞ

ክሊኒክ ሄድኩ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከአፌ ልትወጣ ትደርሳለች፣ ወገቤም አላስቀምጥ ብሎኛል። ዶክተር ዘርአጽዮን ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ። «በዚህ ዕድሜሽ?»

እጅጌዬን አወረድኩ።

«ምን ያስጨንቅሻል?»

«ሥራ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እሱማ ሁላችንም ሥራ በዝቶብናል» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ያየው እንቅልፍ ያጣ ሰው ብቻ ነው አለኝ። ሰው ካልተኛ መጀመሪያ ሆዱ፣ ቀጥሎ ልቡ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ይታመማል ብሎ ተቆጣኝ። ከምሳ በኋላ ቡና የለም። ጠዋት ፀሐይ ላይ መራመድ። እንቅልፍ እምቢ ካለ አልጋ ላይ መገላበጥ የለም። ለወገቤ ደግሞ፣ «የሽቦ አልጋው ረግቦ ነው የሚጎዳሽ፣ ፍራሹን መሬት አውርደሽ ተኚበት» አለ። ይሄን በወረቀትም ጻፈልኝ።

«ጫማሽን አድርገሽ ነው የምትተኚው?»

እንዴት አወቀ? ፊቴን አይቶ «እኔም እንደዚያው ነኝ» አለ።

ኪኒን ሰጠኝ። «ይሄን ከዋጥሽ ቤቱ ቢፈርስ አትሰሚም።» ሊያጽናናኝ ነው።

ሰኔ 13

ኪኒኑን አልዋጥኩትም። ባልሰማውስ?

ሰኔ 16፣ ዓርብ

ቡና ተውኩ። ራሴን ፈለጠኝ እንጂ ሌላ ያመጣልኝ ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ እራመዳለሁ። የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ ከኋላው አይቼ ዓንዶም ይመስለኛል። ትከሻው፣ አረማመዱ... ቀድሜ ዞር ብዬ ሳየው ሌላ ሰው። እንዲህ ያለው የእግር ጉዞ ጤና ይሰጣል?

ሌሊት ትንሽ ሸለብ አደረገኝና ጣቱን ሰማሁ። ነካ ነካ... ሮጬ ወጣሁ። ዝናብ ነው። ስመለስ አደይ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው።

«ማነው?»

«ዝናብ ነው፣ አደይ።»

«አዎ፣ ዝናብ ነው» አለች። ግን አልተኛችም። ለካ እሷም ትሰማለች።

ሰኔ 17፣ ቅዳሜ

ፍራሹን አወረድኩት። መኝታ ቤት ስለማይበቃ ሳሎን፣ በሩ አጠገብ አነጠፍኩት። ሥሩ ኬሻ አደረግሁ። ለወገቤም ለጆሮዬም ይበጃል።

አደይ ቆማ አየችው። «ሰው ሳይሞት ሳሎን ፍራሽ አይነጠፍም፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«ሐኪም ነው ያዘዘው።»

አማተበች።

ሰኔ 18፣ እሁድ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ፍራሹ እርጥበት ይዞ ነበር። ፀሐይ እንዲያገኘው በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አደይ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ታስራለች። እትዬ ሙሉና ባሏ ጋሼ ረታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። እትዬ ሙሉ ፍራሹን አየች። አደይን አየች። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ገብታ እናቴ እግር ሥር ተደፋች። «ልጄን! ዓንዶሜን!» አፏን በእጇ አፍናለች። ቀበሌ እንዳይሰማ። ጋሼ ረታ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቀረ። የማዶዋ መኪያም አይታቸው እያለቀሰች መጣች።

ምንም አልገባኝም... አይ፣ ገብቶኛል።

አደይ አላለቀሰችም። የእትዬ ሙሉን አገጭ ቀና አድርጋ ዓይኗን አየቻት። እትዬ ሙሉም የሆነ ነገር ገባት መሰለኝ፣ ልቅሶዋ ተቋረጠ።

«ማን አረዳችሁ?» አለች።

«አሁን፣ አንቺ» አለች አደይ።

ጋሼ ረታ ነው ያየው። በመጋቢት፣ ማለዳ ወደ ገርጂ ሲሄድ፣ መንገድ ዳር፣ ከሌሎች ልጆች ጋር። «በጾሙ እንዴት እንንገራቸው አልን... ከዚያ ፋሲካ ሆነ... የእርስዎም ጤና... ነገ ዛሬ ስንል...» ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ያ ሁሉ ምስር ወጥ። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለሞተ ልጅ በር ክፍት አድርጌ...

«ጫማ አድርጎ ነበር?» አልኩት። እንደሱ አይነት ጥያቄ ይጠየቃል? ጋሼ ረታ ባርኔጣውን አየ።

ሰኔ 19

ማልቀስ ክልክል ነው። ጎረቤቶች ስኳር ሊበደሩ የመጡ እየመሰሉ አንድ በአንድ ይገባሉ። ፍራሹ ላይ ይቀመጣሉ፣ በነጠላ ውስጥ ያለቅሳሉ፣ ይወጣሉ። ቀበሌ ቢጠይቀኝ የሐኪም ወረቀት አለኝ። ፍራሹ ለወገቤ ነው።

ሰኔ 21

አደይ አጠገቤ ተኛች። አንኮራፋች። ከጥር ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። ደስ አለኝና ደስ ስላለኝ አለቀስኩ።

ሰኔ 25፣ እሁድ

ትናንት ማታ «በሩን ቀረቀርሽው?» አለች። ተነሳሁ። መቀርቀሪያው ዝጎ አልገባም ብሎ ታገለኝ። በመዳፌ መትቼ አስገባሁት።

«አዎ፣ አደይ።»

ጫማዬን አወለቅሁ። ኪኒኑን አልነካሁትም። ተኛሁ።

ስነቃ ፀሐይ ፊቴ ላይ ነበረች። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ወገቤ ተሽሎታል፣ ልቤም ቦታዋ ናት። ዶክተሩ ቢያየኝ ደስ ይለዋል።

ግን ሌሊት አንዴ ነቅቼ ነበር። መስኮቱን ነካ ነካ... በጣት ጫፍ። ዝናብ አልነበረም።

ዞሬ ተኛሁ።