ከመኪናው ሥር የቀረው የሊሙ ጭቃ

ለምወድሽ ልጄ ለናዝራዊት፤

እንደምን አለሽልኝ? የጅግጅጋ አቧራ እንዴት አድርጎሻል? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? ባለቤትሽ መሳይስ፣ ትንሹ ኤልያብስ ደህና ናቸው? እኔ መቼም ቆሜ እሄዳለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው።

ወንድምሽ ዘላለም ያረፈ ዕለት አንቺ እዚህ ስላልነበርሽ፣ መርዶውን እንዴት እንደሰማሁ ነግሬሽ አላውቅም። ገና ሳይነጋ የፒክአፑን ድምፅ ሰማሁና ልጄ ከሊሙ ገነት ቡናውን ጭኖ ገባ ብዬ ነጠላ ሳልደርብ በር ከፈትኩ። ከመሪው የወረደው ግን ጓደኛው ሱፊያን ነው፣ የጎረቤታችን የፈትያ ልጅ። ከኋላው የእድር ሽማግሌዎች ተከትለዋል። መንገድ ላይ ድንገት ታሞበት ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነበር። ልጄን ይዞ የሄደ መኪና የሰው ልጅ አውርዶልኝ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ፒክአፑ ከግቢያችን አልወጣም። ከሥሩ የሊሙ ጭቃ እንደተጋገረበት ነበር። ሱፊያን ልጠበው ሲለኝ ንክች እንዳታደርገው አልኩት፤ ልጄ የነዳበት የመጨረሻው መንገድ ነዋ። ዝናቡ ሲጀምር ግን ዝገት እንዳይበላው ፈራሁ። ዘላለም በየዓመቱ የተቃጠለ ዘይት ሲቀባው አይ ስለነበር፣ እኔም ተንበርክኬ በዚያው ጭቃ ላይ ዘይቱን ለቀለቅኩት።

በቀደም አባትሽ የመኪናውን የወለል ምንጣፍ ሲያነሳ ጣቱ ቆርቆሮውን በስቶ ወደ ታች ወጣ። «ወይ ሱፊያን ይሥራው፣ ወይ ክረምቱ ሳይገባ ለገዢ እሰጠዋለሁ። እዚህ ቆሞ አይበሰብስም» አለኝ። ከሚሸጥ ብዬ እሺ አልኩ፤ ከአንጀቴ ግን አይደለም።

ሱፊያን በክሪክ አንስቶ፣ ወፍራም ግንድ አስደግፎ ከሥሩ ገባ። «እማማ ቆንጂት፣ ዘሌ እኮ መጀመሪያ ጭቃውን አጥቦ፣ ፀሐይ አስመትቶ ነው ዘይት የሚቀባው። ጭቃ ውሃ ይይዛል። እርስዎ ከላይ ዘይት ሲያለብሱት ውሃው መውጫ አጣ» አለኝ። ይህን ያሳየው ልጄ ነው። ለሱ አሳይቶ ለኔ አለማሳየቱ አንገበገበኝ።

ጭቃውን ሁሉ ቀርፎ አጠበው። ሲደርቅ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፤ የተበሳውን በበያጅ አስለጥፎ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀለም ቀባ። ዘይቱን በመጨረሻ ነው የቀባው፣ ያውም ፍሬኑንና ጭስ ማውጫውን በላስቲክ ሸፍኖ። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ ከመኪናው ሥር የወጡትን እግሮቹን አያለሁ። እግር ከእግር ምን ይለያል፣ ልጄ?

ምሳ ሰዓት ላይ ፈትያ በአጥሩ ብቅ ብላ «ሱፊ፣ ኮቱ! ና እንጂ! ወላሂ ሁለተኛ አላሞቅልህም!» ብላ ተጣራች። እሱም ከሥር ሆኖ «እጄ ቆሽሿል፣ መጥተሽ አጉርሺኝ እማ» አላት። ሳቀች። ያን ሳቋን ቀናሁበት። እስከ አርባው ከቤቴ ያልተለየች ደግ ሴት መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን ለምን የሷ ልጅ ሲጠራ ይመልሳል? «ከቤትሽ ወስደሽ አጉርሺው! እኔ ግቢ አይሆንም!» ብዬ ጮኽኩባት። «እሺ ቆንጂትዬ» ብላ ሄደች።

በነጋታው የተከደነ ሳህን ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ አኖረችው። «የኔ እጅ ሰልችቶታል። አንቺ አጉርሺው» አለችኝ። ጨጨብሳ ነው። ልጁ ከሥር ተንፏቆ ወጥቶ እንደ ጫጩት አፉን ከፈተ። አጎረስኩት። ፈትያም «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሚው እንጂ!» ብላ አሾፈችብኝ። ሁለተኛውን ጠቅልዬ ያዝኩት፤ እጄ ግን አልነሳ አለኝ። ሳህኑን መልሼላት ቤት ገባሁ።

መኪናው አይሸጥም፤ ለመኸሩ ሱፊያን ይነዳዋል። አባትሽ ደስ ብሎታል። እኔ ሲወጣም ሲገባም በር የምከፍት አይመስለኝም።

ለመሳይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ኤልያብን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አባትሽ ፈለቀ በጣም ናፍቆሻል። የቤት አከራይሽንም እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።

የፊታችን እሑድ የወንድምሽ መንፈቅ ነው። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምታነቢም፣ ሲነበብ የምትሰሙም ሁሉ በዚህ ስም ጸልዩለት። እኔ ጸሎት ስጀምር የሰው ልጅ ትዝ እያለኝ ይቋረጥብኛል፤ እናንተ ሳታቋርጡ ጸልዩለት።

እናትሽ ቆንጂት
ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.